ጥቂት ቀን ይዘን ሩቅ የጫጉላ ሽርሽር ስንመርጥ

ሠርጋችን በመጪው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ ነው። እኔም እጮኛዬም ተወልደን ያደግነው ባሕር ዳር ነው፤ ሌላው ሰው ለሽርሽር የሚመጣበት የዘጌ የጀልባ ጉዞም ሆነ የጭስ ዓባይ ፏፏቴ ለእኛ ከተማሪነታችን ጀምሮ የምናውቃቸው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምናስጎበኛቸው ስፍራዎች ናቸው። ከአዲስ አበባና ከሌሎችም ከተሞች የሚመጡ ሙሽሮች ጫጉላቸውን በሐይቃችን ዳር ሲያሳልፉ እያየን አድገናል። የእኛ ጫጉላ ግን ከዚህ ራቅ ብሎ፣ ሁለታችንም አይተነው በማናውቀው ውቅያኖስ ዳር እንዲሆን ከተጫጨንበት ጊዜ ጀምሮ ስንመኝ ቆይተናል። ምኞቱን ከያዝነው ቀን ጋር ማስማማቱ ግን ብዙ ምሽት አነጋግሮናል። በጥር ወይም ከፋሲካ በኋላ ለሚያገቡ፣ እንደ እኛ ደመወዝተኛ ለሆኑና ከባሕር ዳር ለሚነሱ ሙሽሮች ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ወደ ውሳኔያችን የደረስንበትን መንገድ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ ያየነው ካርታውን ሳይሆን ፈቃዳችንን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሚያገባ ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈልበት የ3 የሥራ ቀናት ፈቃድ ያገኛል፤ የዓመት ፈቃዱ ደግሞ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ሆኖ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አገልግሎት አንድ የሥራ ቀን ይታከልበታል። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ሰፊ ነው። ነገር ግን ሠርግ ያዘጋጀ ሁሉ እንደሚያውቀው ከዚያ ውስጥ ብዙው ለሽምግልናው፣ ለልብስ፣ ለአዳራሽና ለሚከራየው ቤት ጉዳይ አስቀድሞ ያልቃል፤ የጋብቻ ፈቃዱ ደግሞ ለሠርጉ ዋዜማና ለመልሱ ነው። በዚያ ላይ የሁለታችን መሥሪያ ቤቶች በአንድ ሳምንት አብረው ሊለቁን ይገባል። ይህ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ የተረፈን ጊዜ፣ ቅዳሜና እሑዱ ታክሎበት፣ ከሳምንት ብዙም የማይዘል ነው።

ከዚያ የቤተሰብ ቀናት አሉ። መልስ ሳይበላ መሄድ የማይታሰብ ነው፤ እኔም አልፈልገውም። የአባቴ ቤት ደስታ እንደ ሠርጉ ቀን ያህል የምጠብቀው ነው። ያስጨነቀን ቅልቅሉ ነበር። በእጮኛዬ ቤተሰብ ልማድ ቅልቅሉ በሠርጉ ሳምንት መጨረሻ ላይ ስለሚደረግ፣ በዚያ ቀን ከተደረገ ከመልሱ በኋላ ያለው ጊዜ መሐሉ ላይ ተቆርጦ የትም ለመሄድ አይበቃም። እጮኛዬ አፍሮ ዝም ቢል እኔ ራሴ እናቱን ለመጠየቅ ወሰንኩ። "እማማ፣ ቅልቅሉ ከጉዞ ስንመለስ ባለው ቅዳሜ ቢሆን ቅር ይልዎታል?" አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና "ዘመዱን ሁለት ጊዜ ከማድከም ለእኔም ይሻለኛል፤ ብቻ በሰላም ተመለሱልኝ" አሉ። በዚህ አንድ ንግግር ያገኘነውን ጊዜ ማንኛውም ፈጣን አውሮፕላን ሊሰጠን አይችልም ነበርና፣ የምትጋቡ ልጆች ቲኬት ከመፈለጋችሁ በፊት ከወላጆቻችሁ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ እላለሁ።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ። ርቀትን በኪሎ ሜትር ማሰብ ትተን፣ እያንዳንዱ ቦታ ስንት ሙሉ ቀን ያስቀርልናል ብለን መቁጠር ጀመርን። ሙሉ ቀን የምለው ጠዋት እዚያው ነቅተን ማታ እዚያው የምንተኛበትን፣ ሻንጣ የማንሸከምበትን ቀን ነው። ለባሕር ዳር ሰው ይህ ቆጠራ የሚጀምረው ከቦሌ ሳይሆን ከቤቱ ደጃፍ ነው። ከዚህ እስከ አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በዓባይ በረሃ በኩል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ እንኳ በየብስ መሄድ አንድ ሙሉ ቀን ይበላል፤ ስለዚህ የየብሱን ጉዞ ከሒሳብ አወጣነው። በአውሮፕላን በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ጉዳይ አለ። ከቦሌ ወደ አፍሪካ አገሮች የሚሄዱት በረራዎች በአብዛኛው የሚነሱት ጠዋት ሲሆን፣ ወደ እስያና ወደ አውሮፓ የሚሄዱት ደግሞ በአብዛኛው ማታና እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ከባሕር ዳር ለሚነሳ ግን የጠዋቱን በረራ ለመያዝ ብዙ ጊዜ ዋዜማውን አዲስ አበባ ማደር ያስፈልጋል፤ በምላሹም ከአፍሪካ የሚመለሰው አውሮፕላን አመሻሽ ላይ ሲያርፍ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው የመጨረሻ በረራ ተነስቶ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ወደ እስያ የሚሄድ ሰው ከሰዓት በኋላ ከባሕር ዳር ተነስቶ፣ በዚያው ሌሊት አውሮፕላን ውስጥ ተኝቶ ያድራል። ስለዚህ በሰዓት ሲቆጠር ቅርብ የሆነው ቦታ በቀን ሲቆጠር ከሩቁ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ይህን ካየን በኋላ ነው ሩቅ የሚባሉትን አገሮች ያለ ፍርሃት በዝርዝሩ ውስጥ ያስገባናቸው።

የሁሉም መጀመሪያ የኢንዶኔዥያዋ ደሴት ባሊ ነበረች፤ የእጮኛዬ የረጅም ጊዜ ምኞት ናት። ከቦሌ ቀጥታ በረራ ስለሌላት ሌላ ከተማ ላይ ወርዶ አውሮፕላን መቀየር ግድ ነው፤ ሰዓቷም ከእኛ በ5 ሰዓት ይቀድማል። ይህን ሁሉ እንኳ ልንችለው እንችል ነበር። የጣላት ዝናቡ ነው። በባሊ የዝናብ ወቅት የሚባለው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ሲሆን፣ የፈረንጆቹ ጃንዋሪ ከሁሉም በላይ ዝናብ ከሚበዛባቸው ወራት አንዱ ነው። እኛ አገር ጥር የሠርግ ወር የሆነው ሰማዩ ስለጠራና እህሉም ስለተሰበሰበ ነው፤ የእኛ ጥር ግን የዓለም ሁሉ ጥር አይደለም። እጮኛዬ የወሩን የዝናብ መጠን ካየ በኋላ ራሱ "ይህቺን ለሌላ ጊዜ እናቆያት" አለ፤ ሳዝንለት ለአምስተኛ ዓመት የጋብቻ በዓላችን አብረን እንድንሄድ ቃል ገባሁለት፤ ቃሉንም ከልቤ ነው የገባሁት።

ከዚህ በኋላ የወሩን ነገር ከሁሉም አስቀድመን ማየት ጀመርን፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ትንሽ ልቆይ። በእኛ ዘንድ ሠርግ የሚበዛው በሁለት ወቅት ነው፤ አንዱ ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ሲሆን ሌላው ከፋሲካ በኋላ ያለው ሚያዝያና ግንቦት ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያሉት ደሴቶች አየር ደግሞ በእነዚህ ሁለት ወቅቶች መካከል ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል። የታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር በታኅሣሥ፣ በጥርና በየካቲት ሞቃትና ደረቅ ናት፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ግን ማሲካ የሚሉት ረጅሙ የዝናብ ወቅት ስለሚገባ አንዳንድ ማረፊያዎች እስከ መዝጋት ይደርሳሉ። ሲሼልስ ደግሞ በታኅሣሥና በጥር ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ነፋስ ዝናብ የሚያበዛባት ስትሆን፣ በሚያዝያና በግንቦት መጀመሪያ አንዱ ነፋስ ሄዶ ሌላው ሳይገባ ባሕሩ የሚረጋባት ናት። እንግዲህ የጥር ሙሽሮችና የፋሲካ ማግስት ሙሽሮች አንድ ዓይነት ምክር ሊሰጣቸው አይገባም። ባለፈው ዓመት በግንቦት ያገባች ጓደኛዬ ዛንዚባር ሄዳ አብዛኛውን ጊዜ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ዝናብ ስታይ ነው ያሳለፈችው፤ ይህን ደግሞ ቲኬቱን የሸጠላት ሰው አልነገራትም።

ስለ ሲሼልስ ጥቂት ልጨምር፤ ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ቢሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር የምንመርጠው እሷን ነበርና። ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ 4 ሰዓት ገደማ ናት። የየትኛውም አገር ዜጋ ቪዛ አይጠየቅባትም፤ ነገር ግን ከመሳፈር በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ማግኘት፣ የመመለሻ ቲኬትና የተያዘ ማረፊያ ማሳየት ያስፈልጋል። ከ115ቱ ደሴቶቿ መካከል ማሄ፣ ፕራሊንና ላዲግ ብዙ ጎብኚ የሚያርፍባቸው ናቸው፤ በፕራሊን የሚገኘውና በ1983 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የቫሌ ደ ሜ ደን በዓለም ትልቁን ዘር የሚያፈራው የዘንባባ ዝርያ የበቀለበት ነው። አስቸጋሪው ዋጋዋ ነው። ጥቂት ቀን ያለው ሰው ደግሞ ሦስቱን ደሴቶች ሁሉ ለማየት ከሞከረ ከማሄ እስከ ፕራሊን አንድ ሰዓት ያህል የሚወስደው የጀልባ ጉዞ፣ እሱን ለመያዝ ከሚደረገው ጥበቃና የሻንጣ ጣጣ ጋር፣ የጫጉላውን ግማሽ ይወስድበታል። አንድ ደሴት መርጦ መቀመጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሌሎቹን በአጭሩ አለፍናቸው። ዱባይ 4 ሰዓት ገደማ ናት፤ በጥርም አየሯ ደስ ይላል፤ እኛ የምንፈልገው ግን ሕንጻና ገበያ አልነበረም። ኢስታንቡል በዚያ ወር ብርድና ዝናብ ናት፤ አንዳንዴም በረዶ ይወርድባታል። የቪክቶሪያ ፏፏቴን አንድ ወዳጃችን አጥብቆ መክሮን ነበር፤ ቁመቱ 108 ሜትር፣ ወርዱ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ከእኛው ጭስ ዓባይ ጋር በመጠን የሚወዳደር አይደለም። ሆኖም በፏፏቴ ጭጋግ ውስጥ ቆሞ መራስን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናውቀው፣ ጊዜው ጠባብ ከሆነ ለማናውቀው ነገር ብናውለው መረጥን።

ከሁሉም ለመተው የከበደን ታይላንድ ነው። ከቦሌ ባንኮክ በቀጥታ በረራ 9 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ አውሮፕላኑ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይነሳና በማግስቱ ከቀትር በኋላ ያርፋል። ከዚያ ፉኬት ወይም ክራቢ ለመድረስ ሌላ ከአንድ ሰዓት በላይ የሆነ በረራ ይቀራል። በዚያ በኩል ያለው የአንዳማን ባሕር ከኅዳር እስከ መጋቢት ደረቅ ስለሆነ ጥር ከምርጦቹ ወራት አንዱ ነው። ከባሕር ዳር ከሰዓት በኋላ ተነስተን በማግስቱ ማታ ባሕሩ ዳር እንተኛለን ማለት ነው፤ ስንመለስም ሌሊቱን በርረን ጠዋት ቦሌ፣ በዚያው ቀን ባሕር ዳር። ለዚህ ያህል ርቀት ይህ የሚያስደንቅ ነው። ያስቀረን የሰውነታችን ነገር ነው። የሠርግ ሳምንት እንቅልፍ የሌለበት ሳምንት ነው፤ በዚያ ድካም ላይ ሌሊቱን ወንበር ላይ ማደርና በ4 ሰዓት በሚቀድም አገር መንቃት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በድንዛዜ እንድናሳልፍ ያደርገናል፤ በስተመጨረሻ ስንለምደው ደግሞ የመመለሻችን ቀን ይደርሳል። አሥር ቀን ሙሉ ቢኖረን ኖሮ ታይላንድ እንሄድ ነበር። ያን ያህል ቀን ላላቸው ያለ ማመንታት እመክራቸዋለሁ።

ስለዚህ ምርጫችን ዛንዚባር ሆነች። አንዳንድ ዘመዶቻችን "ይህማ ቅርብ ነው" አሉን፤ በእርግጥም በረራው 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ አንዳንዱ በመንገድ ላይ ሌላ ከተማ ስለሚያርፍ ይረዝማል። እኔ ግን ሩቅነትን የምለካው ከምናውቀው ኑሮ በሚለየው መጠን ነው። የኮራል ድንጋይ ቤቶች፣ በቅርጽ ያጌጡ የእንጨት በሮች፣ ለዘመናት ከዓረቢያና ከሕንድ የመጡ መርከበኞች የወረዱበት ወደብ፣ ቅርንፉድ የሚበቅልበት አፈር፤ ይህ ሁሉ ከጣና ዳር ሕይወት በጣም የራቀ ነው። በዚያው ልክ ሰውነታችንን የማያስቸግር ነገር አላት። ሰዓቷ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከፀሐይ መውጣት ጀምረው መሆኑ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሉ እኛ አንድ ሰዓት የምንለውን ነው። ከሌላ አገር ሰው ጋር ሰዓት ስንቀጣጠር በስድስት ሰዓት መደመርና መቀነስ የለመድን ሰዎች፣ እዚያ ደርሰን ሾፌሩን "በሁለት ሰዓት ና" ብንለው እንደ ባሕር ዳር ሰው ይረዳናል ማለት ነው።

ደሴቲቱን ከመረጥን በኋላ የትኛው ዳርቻ የሚለው ጥያቄ መጣ፤ ለሐይቅ ዳር ሰው ይህ ከሁሉም የሚጠነክር ትምህርት ያለበት ነው። ጣና የሚሞላውና የሚጎድለው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ክረምቱን ሲጠጣ ከርሞ በመስከረም አካባቢ ይሞላል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እየወረደ እስከ ሰኔ ይቆያል። ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በዛንዚባር ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወጣበት ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ከፍታ 4 ሜትር ያህል ይደርሳል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ በሚባሉት መንደሮች በኩል፣ ታቹ ሰፊ ሜዳ ስለሆነ ውኃው ሲሸሽ ብዙ መቶ ሜትር ርቆ ይሄዳል፤ የመንደሩ ሴቶች በዚያን ሰዓት ወደ ውስጥ ገብተው በችካልና በገመድ ያሰሩትን የባሕር አረም ይሰበስባሉ። ማየቱ ራሱ ውብ ነው። ለመዋኘት ያሰበ ሰው ግን ከቀኑ ግማሹን አሸዋና ኩሬ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በሰሜኑ ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ዳርቻቸው ቶሎ ስለሚጠልቅ ውኃው ብዙ ርቆ አይሄድም። ሁለት ሳምንት ያለው ሰው ሁለቱንም ሊያይ ይችላል፤ እኛ ግን የሰሜኑን መረጥን። የሙላትና የጉድለቱ ሰዓት በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል እየዘገየ ስለሚሄድ፣ ለምንሄድበት ሳምንት የወጣውን ሰንጠረዥ አይቼ ጠዋት መዋኘት የሚመቸውን ቀንና ከሰዓት የሚመቸውን ቀን ለይቼ ጽፌያለሁ። እጮኛዬ ይህን ያህል ማቀድ አይወድም፤ የጀልባ ጉዞውን ቀን የመረጥነው ግን በዚሁ ወረቀት ነው።

ማረፊያችንን ሁለት ብቻ አደረግነው። ኑንግዊ ከደሴቲቱ አሮጌ ከተማ ከስቶን ታውን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ ለስቶን ታውን ቅርብ ነው። እንደደረስን በቀጥታ ወደ ሰሜን ሄደን እንቀመጣለን፤ የመጨረሻውን ሌሊት ስቶን ታውን እናድራለን። በ2000 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችውን ይህችን ከተማ በእግር ማየት የሚቻለው በጥቂት ሰዓት ነው፤ በ1873 እ.ኤ.አ. የተዘጋው የባሪያ ገበያ የነበረበት ስፍራ ላይ የቆመውን ካቴድራል ማየት እፈልጋለሁ። በጫጉላ ጊዜ እንዲህ ያለ ቦታ ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ፤ የሰው አገር ሄጄ ባሕሩን ብቻ አይቼ መመለስ አልወድም።

ከሠርግ ወቅታችን ጋር የሚገናኝ አንድ ሌላ ነገር አለ። የዛንዚባር ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ረመዳን ደግሞ በእነዚህ ዓመታት ወደ የካቲትና ወደ ጥር እየተጠጋ ነው። በጾሙ ወቅት ቀን ቀን ብዙ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ፤ በአደባባይ መብላትም ነውር ነው። እኛም ጿሚ ሕዝብ ስለሆንን ይህን ማክበር አይከብደንም፤ ነገር ግን ቀኑን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። በሌላ በኩል የእኛም ጾም አለ፤ ጾመ ነነዌ በዚያው ሰሞን ይውላል፤ ረቡዕና ዓርብም በጉዞ አይቀሩም። ደስ የሚለው ነገር የስዋሂሊ ምግብ በኮኮናት ወተት የተሠራ ቦሎቄ፣ ሩዝ፣ ጨጨብሳን የማይመስል ግን የሚጣፍጥ ቻፓቲና ብዙ ፍራፍሬ ያለው መሆኑ ነው፤ ጿሚ አይራብበትም። በከተማው ውስጥ ትከሻና ጉልበትን መሸፈን ደግሞ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

የወረቀቱ ሥራ ከሠርጉ ሩጫ በፊት ማለቅ አለበት። ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር የቀረው መሆን አለበት። ቪዛውን አስቀድሞ ማመልከት፣ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ጎብኚ ሁሉ የሚገዛውን የ44 ዶላር የጉዞ መድን መክፈል ያስፈልጋል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ደግሞ ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ሰው ግዴታ ነው፤ የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በሠርጉ ዋዜማ የሚሮጥለት ነገር አይደለም። አንዴ የተከተበ ግን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግለዋል። ሌላው የእኛ አገር ጉዳይ የስም ነገር ነው። ሴት ስታገባ ስሟን ስለማትቀይር ፓስፖርቷን ማስለወጥ የለባትም፤ ይህ መልካም ነው። ባልና ሚስት መሆናችንን ግን ስማችን አያሳይም። ቪዛ የሚጠየቀው ከሠርጉ በፊት ስለሆነ፣ ሚስቱ እንደሆንኩ ማስረጃ የሚጠይቅ ቢኖር ብለን የክብር መዝገቡን ፊርማ ወደ ታኅሣሥ አስቀድመነዋል። ዶላሩን ከባንክ ለመግዛትም ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ስለሚጠየቅ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያስፈልጋል። ቲኬቱን ከባሕር ዳር እስከ ዛንዚባር በአንድ ላይ ቁረጡ፤ የአገር ውስጡ በረራ ዘግይቶ ቀጣዩ ቢያመልጣችሁ ሌላ በረራ ላይ የሚያሳፍራችሁ አየር መንገዱ ይሆናል፤ ለየብቻ ከተቆረጠ ግን ኪሳራው የእናንተ ነው።

የመነሻ ቀናችን ከመልሱ ማግስት ሳይሆን አንድ ቀን ቆይቶ ነው፤ አንድ ቀን ተኝተን፣ ስጦታውን አሰናድተን፣ ሚዜዎቻችንን አመስግነን እንነሳለን። አመሻሹ ላይ አዲስ አበባ እንገባለን፤ አክስቴ ግን እሷ ቤት እንድናድር ብትፈልግም ሙሽሮች መጡ ተብሎ ቤቱ ዘመድ እንደሚሞላ ስለማውቅ፣ ቦሌ አካባቢ ሆቴል እንደምናድርና ስንመለስ ሙሉ ምሽት ከእሷ ጋር እንደምናሳልፍ አስቀድሜ ነገርኳት። በምላሹ ጉዞ የምናድርባት ሌሊት እንዲህ ጥቅም ላይ ዋለች፤ አክስቴም ተስማማች፤ ዶሮውን ለዚያች ምሽት እንደምትሠራ ነግራኛለች።

ከያዝናቸው ነገሮች መካከል ያልተቋጨው የኑንግዊው ማረፊያ ብቻ ነው። በፎቶው ላይ ባሕሩ ሁልጊዜ ሞልቶ ስለሚታይ፣ ውኃው በጣም በሚጎድልበት ሰዓት ከእነሱ ዳርቻ ፊት ለፊት መዋኘት ይቻል እንደሆነ ጠይቄ ጽፌላቸዋለሁ፤ የሚቻል ከሆነ በዚያ ሰዓት የተነሣ ፎቶ እንዲልኩልኝም ጠይቄያለሁ። እስኪመልሱልን ድረስ ክፍሉን ያለ ቅጣት ሊሰረዝ በሚችል ውል ይዘነዋል፤ ካልሆነ ኬንድዋ ላይ ሁለተኛ ምርጫ አለን። ክትባቱን በሚቀጥለው ሳምንት ሁለታችንም አብረን እንከተባለን።